የሄደው ከብት ይመለሳልን? የጥሎሽ ታሪክ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ሙሽራው አጃቢዎቹን አስከትሎ ወደ ሙሽሪት ወላጆች ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ከዘፈኑና ከሆታው መካከል ሁሉም ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት አንድ ሰዓት አለ፤ ጥሎሽ የሚታይበት ሰዓት። ሚዜው ሻንጣውን በሽማግሌዎቹ ፊት ይከፍታል። ጥልፍ ቀሚሱን፣ ነጠላውን፣ ካባውን፣ ጫማውን፣ ሽቶውን፣ የአንገትና የጆሮ ወርቁን አንድ በአንድ እያነሳ ያሳያል። ዕቃው በወጣ ቁጥር ሴቶቹ እልል ይላሉ። አንዳንድ ጊዜም «ይኸው ብቻ ነው?» የሚል ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ ቁም ነገር ከጓዳ በኩል ይሰማል።

ከዚያ በስተደቡብ፣ በኬንያ የኪኩዩ ኮረብታዎች፣ የሁለት ቤተሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፍየል ይቆጥራሉ። ከፍየሎቹ አብዛኞቹ በግቢው ውስጥ የሉም፤ የሚቆጠረው ዋጋቸው ነው። በኡጋንዳ፣ በባጋንዳ ሕዝብ ዘንድ፣ ነጭ ካንዙ የለበሰው ሙሽራ ለሙሽሪት ወንድም የሚሰጥ አውራ ዶሮ ይዞ ይቀርባል። በሶማሌ ዘላኖች ዘንድ ወሬው ስለ ግመል ነው፤ በነጭ ዓባይና በባሮ ዳር በሚኖሩት ኑዌሮች ዘንድ ደግሞ ስለ ላም።

ሥርዓቶቹን ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ወንዱ ይሰጣል፣ የሴቲቱ ወገን ይቀበላል። ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን ሁለት ጥያቄዎች አንዱን ልማድ ከሌላው ይለዩታል። የመጀመሪያው ስጦታው የማን እጅ ይገባል? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጋብቻው ቢፈርስ የተሰጠው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የሚል ነው። በሠርግ ቀን ስለ ሁለተኛው ጥያቄ የሚናገር የለም። ትዳር የመረራት ሴት ወደ ወላጆቿ ቤት መመለስ መቻሏንና አለመቻሏን ሲወስን የኖረው ግን ይኸው ጥያቄ ነው።

ሦስት ተቀባዮች

በአካባቢያችን የጋብቻ ስጦታ በጥቅሉ ሦስት ተቀባዮች አሉት፤ ሙሽሪት ራሷ፣ ወላጆቿና ዘመዶቿ፣ እንዲሁም አዲሱ ጎጆ።

በአማራው ባህል ጥሎሽ የሙሽሪት ነው። ልብሱንም ትለብሰዋለች፣ ወርቁንም ታደርገዋለች። ከዚህ ጎን ለጎን ለአዲሱ ጎጆ መቋቋሚያ የሚሆን ከብት፣ እህል፣ በቀድሞው ዘመንም የሚታረስ መሬት ከሁለቱም ወገን ይዋጣ ነበር። የወንዱ አባት ጥንድ በሬ ከሰጠ የሴቲቱም አባት የሚመጣጠን ነገር ማቅረብ ይጠበቅበታል። ሽማግሌዎቹ በሽምግልናው ቀን የሚከራከሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ላይ ነበር። በትግራይና በኤርትራ ደጋ ደግሞ የሴቲቱ ወላጆች ለጥንዶቹ የሚሰጡት ገዝሚ የጋብቻው ዋና ምሰሶ ሆኖ ኖሯል፤ በዚያ ልማድ ሸክሙ የሚከብደው ልጅ በሚድረው አባት ላይ ነው።

ይህ የንብረት መመጣጠን ያለ ምክንያት አልመጣም። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ቢፋቱ እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን ይዞ እንዲወጣ፣ አብረው ያፈሩትን ደግሞ እንዲካፈሉ ልማዱ ይፈቅድ ነበር። ሰማንያ በምስክርና በዋስ ፊት የሚፈጸም፣ በንጉሥ ስም እየማሉ የሚያጸኑት ውል ነው። ከቁርባን ጋብቻ የሚለየውም መፍረስ የሚችል በመሆኑ ነው። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለው ተረት ስለ መጣጣም ይናገር እንጂ፣ የሰማንያ ውል ሁለቱም ወደየመጡበት የሚመለሱበትን ቀን አስቀድሞ ያሰበ ነበር።

በእስልምና ሥርዓት ኒካህ የሚታሰርበት መህርም የሙሽሪት የግል ንብረት ነው። አባቷም ሆነ ባሏ ያለ ፈቃዷ ሊነኩት አይገባም። በወሎ፣ በሐረር፣ በሶማሌና በስዋሂሊ ጠረፍ መጠኑና ዓይነቱ ይለያያል፤ ወርቅ የሚያስር አለ፣ የቁርዓን ቅጅ ብቻ የሚቀበልም አለ። ሃይማኖቱ ከመጣ በኋላም ቢሆን የቆየው የጎሳ ልማድ አልጠፋም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ።

ይህ ጎን ለጎን መኖር በግልጽ የሚታየው በሰሜን ሶማሌ ዘላኖች ዘንድ ነው። በዚያ የወንዱ ዘመዶች አዋጥተው ለሴቲቱ ዘመዶች የሚከፍሉት ያራድ ይባላል፤ ግመል ነው፣ ለክብር ሲባልም ፈረስና ጠመንጃ ይጨመርበት ነበር። የሴቲቱ ወገን በበኩሉ ዲባድ የሚባለውን ይመልሳል። ይህም ተፈትቶ የሚታሰረው የዘላን ጎጆ፣ ምንጣፉ፣ የወተት ዕቃውና ጎጆውን የሚጭኑት ግመሎች ናቸው። ጎጆውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ የሚጠራውም በሚስት ስም ነው። መህሩ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ሲጋቡ ቃል ይገባል፣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ግን ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ነው። ስለዚህ በአንድ ሠርግ ላይ ሦስቱም ተቀባዮች ይገኛሉ ማለት ነው።

ኑዌሮችና ዲንካዎች የመጨረሻውን ጫፍ ያሳያሉ። ላሞቹ የሚሄዱት ለሙሽሪት አባት ብቻ አይደለም። ለአባቷ ወገንና ለእናቷ ወገን ተከፍለው፣ ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለወንድም እያንዳንዱ የታወቀ ድርሻ ይደርሰዋል፤ ለቀደሙት አባቶች መንፈስ የምትሰጥ ላምም አለች። የተቀበለው ወንድም በእነዚያ ላሞች የራሱን ሚስት ያገባል። በዚህ መንገድ አንዲት ሴት ስታገባ የሚንቀሳቀሱት ከብቶች በብዙ ቤቶች ውስጥ ይበተናሉ፤ የብዙ ሰዎችም ትዳር በእርሷ ትዳር ላይ ይንጠለጠላል። የኑዌር ሕዝብ በደቡብ ሱዳን ብቻ ሳይሆን በኢትዮጵያ በጋምቤላም ስለሚኖር፣ ይህ ልማድ የአማርኛ አንባቢ ጎረቤት እንጂ የሩቅ እንግዳ አይደለም።

«ግዢ» የሚል ስም

የአውሮፓ ቅኝ ገዥዎች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጡ ያዩትን ሥርዓት በራሳቸው ቃል ጠሩት፤ ቃሉም ግዢ የሚል ነበር። ይህ የስድብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1917 በኬንያ የነበረው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት «አምኬዮ» በሚባለው የወንጀል ጉዳይ በልማድ የተጋባች ሴት በባሏ ላይ ለመመስከር ትገደዳለች ወይ? የሚል ጥያቄ ቀረበለት። በእንግሊዝ ሕግ ሚስት በባሏ ላይ እንድትመሰክር አትገደድም ነበር። የፍርድ ቤቱ የበላይ ዳኛ ሀሚልተን ግን የአፍሪካውያኑ ሥርዓት ሚስት መግዛት እንጂ ጋብቻ አይደለም በማለት ሴትየዋን ከሚስትነት መብት አወጣት። በፍየልና በላም ፊት፣ በሁለት ጎሳ ሽማግሌዎች ምስክርነት የታሰረ ትዳር በአንድ ፍርድ እንደሌለ ተቆጠረ።

ለዚህ አመለካከት መልስ የሚሆን ነገር ከሁለት አቅጣጫ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1931 የኑዌሮችን ኑሮ ያጠናው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ «የሙሽራ ዋጋ» የሚለው ስም አሳሳች ስለሆነ «የሙሽራ ሀብት» በሚል እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ። በ1938 ደግሞ በኋላ የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆሞ ኬንያታ ስለ ኪኩዩ ሕዝብ ባሳተሙት መጽሐፍ የጋብቻን ሥርዓት ከመጀመሪያው ጥየቃ እስከ መጨረሻው ድረስ ደረጃ በደረጃ ጻፉ። በኪኩዩ ልማድ ሩራሲዮ የሚባለው ክፍያ በአንድ ቀን ተከፍሎ አያልቅም። አማቹ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያመጣ ዝምድናውን ያድሳል፤ ሩራሲዮ አይጨረስም ይባላል። ሸቀጥ የገዛ ሰው ዕዳውን ዘግቶ ይሄዳል፤ ያገባ ሰው ግን ዕዳውን ሳይዘጋ ዘመድ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው።

ይህ መከራከሪያ እውነትነት አለው። ነገር ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። የሽማግሌዎቹ ዝምድና በከብት ሲታሰር፣ ያች የታሰረችበት ሴት ምን ትል እንደነበር ከዳኛውም ከተከራካሪዎቹም የጠየቃት የለም።

ከብት ገንዘብ ሲሆን

ከብት የጋብቻ መለኪያ ሆኖ የቆየው እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ስለሚረባና ስለሚሞት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሰሜን የገባው የከብት ወረርሽኝ በኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» የሚባለውን ረሃብ ካስከተለ በኋላ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይንና የሌሎችን አርብቶ አደሮች መንጋ ፈጀ። ከብት ባለቀ ጊዜ የጥሎሹም ቁጥር ዝቅ ይላል፣ መንጋው ሲያገግም መልሶ ይወጣል። ልማዱ የማይለወጥ ቢመስልም ከዝናቡና ከበሽታው ጋር ሲተነፍስ የኖረ ነው።

ገንዘብ ሲመጣ ግን ለውጡ ሌላ ዓይነት ሆነ። የእንግሊዝ አስተዳደር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በኡጋንዳና በኬንያ የጎጆ ግብር ሲጥል፣ ወጣቶች ለግብሩ ብር ፍለጋ ወደ እርሻና ወደ ከተማ ሥራ ሄዱ። የቀን ሥራ የሠራ ወጣት የአባቱን መንጋ ሳይጠብቅ የራሱን ጥሎሽ ማዘጋጀት ቻለ። በዚህም ከአባቱ ትእዛዝ በከፊል ወጣ። በሌላ በኩል በፊት ዘመድ አዝማድ ያዋጣው የነበረው ሸክም በእርሱ ትከሻ ላይ ብቻ ወደቀ።

ኑዌሮች ስለዚህ ነገር ብዙ አስበዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሻሮን ሀችንሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባደረገችው ጥናት እንደመዘገበችው፣ ኑዌሮች በገንዘብ የተገዛን ከብት ለሴት ልጅ ጥሎሽ ከመጣ ከብት ለይተው ይጠሩ ነበር። «የገንዘብ ከብት» የገዛው ሰው የግሉ ነው፤ «የልጃገረድ ከብት» ግን ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው ድርሻ አለው። ገንዘብ ደም የለውም ይላሉ፤ ሰውና ከብት ደም አላቸው፣ ይወልዳሉ፣ ዘር ያስቀጥላሉ፤ ብር ግን አይወልድም። በከተማ የሰው ዓይነ ምድር በመጥረግ የተገኘ ገንዘብማ ላም ቢገዛበት ላሟ አትበረክትም ተብሎ ለጥሎሽ አይሆንም ነበር። በዚህ አነጋገር ውስጥ ያለው ፍርሃት ግልጽ ነው፤ ሁሉን ነገር የሚገዛው ብር ወደ ጋብቻ ሲገባ ሴቲቱንም ከሚገዙት ነገሮች መካከል እንዳይቆጥራት የሚል ነው።

ፍርሃቱ መሠረት እንደነበረው ኋላ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ ሱዳን ስለ አንዲት ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ጋብቻ በፌስቡክ ላይ ወሬ ተሰራጨ። በርካታ ሀብታሞች ተጫረቱባት፤ ያሸነፈው ሰው ወደ 500 የሚጠጉ ላሞችን፣ መኪናዎችንና ጥሬ ገንዘብን እንደሰጠ በዓለም የዜና ማሰራጫዎች ተዘገበ። በዚያች አገር የጥሎሹ መናር ላም የሌላቸውን ወጣቶች ወደ ከብት ዘረፋ እንደሚገፋፋ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። አያቶች በዘመድ መካከል ሰላም እንዲያወርድ የሠሩት ሥርዓት ለዘረፋና ለበቀል ምክንያት ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

በኢትዮጵያ ለውጡ በሌላ በር ገባ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ወላጅ ለልጁ ጎጆ መውጫ እንደ ራሱ ርስት ቆርሶ የሚሰጠው መሬት አልኖረም። ከዚያ ወዲህ መመጣጠኑ በከብት፣ በእህልና በጥሬ ብር ላይ ወደቀ። በከተማ ደግሞ ጥሎሹ ወርቅ፣ ልብስና የእጅ ስልክ ሆኗል። የድሮው ዳስ በሆቴል አዳራሽ ተተክቷል፤ ወጪው የሁለት ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የእቁብና የብድር ጉዳይ ሆኗል።

ጠለፋ፦ ከጥሎሽ የማምለጫ መንገድ

ጥሎሽ በናረበት ቦታ ሁሉ ሳይከፍሉ ለማግባት የሚሞክሩ አልጠፉም። በደቡብና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ጠለፋ ከዚህ ጋር በብዙ መንገድ ተያይዞ ኖሯል። ጠላፊው ልጅቷን ከደፈራት በኋላ ሽማግሌ ይልካል፤ ወላጆቿም የተዋረደች ልጅ ሌላ አያገባትም ብለው በመፍራት በዝቅተኛ ካሣ ይስማማሉ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሳይቀር ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቆም ይፈቅድ ነበር። ሕጉ ከሽማግሌው ጋር ተስማምቶ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1980ዎቹ መገባደጃ በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ጉዳዩ ኋላ «ድፍረት» ለተሰኘው ፊልም መነሻ ሆኗል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት የነበረውን የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊ ያገባት ቢሆንም ከቅጣት እንደማያመልጥ ደነገገ።

የተሰጠው ሲጠየቅ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ላም ተሰጥቶባት ያገባች ሴት ባሏ ቢደበድባት ወዴት ትሄዳለች? ወደ አባቷ ቤት። አባቷ ግን ላሞቹን ተቀብሎ ለወንድሟ ሚስት አግብቶባቸዋል። ፍቺው ከጸና ላሞቹ ይጠየቃሉ፤ ላሞቹ ከተጠየቁ የወንድሟ ትዳር ይናጋል። ስለዚህ አባትም፣ ወንድምም፣ እናትም ሳትቀር «ቻይው፣ ተመለሽ» ይሏታል። ማንም በክፋት የተናገረ የለም፤ ሁሉም ግን ስለ ከብቱ ያስባል። በብዙ ቦታ ልጅ ከተወለደ በኋላ የሚመለሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ ያልወለደች ወይም ልጅ የሞተባት ሴት ግን በሩ ሁሉ ይዘጋባታል።

ይህን ነገር ወደ ፍርድ ቤት የወሰዱት በምሥራቅ ኡጋንዳ ከቶሮሮ የተነሱ ሴቶች ናቸው። ሚፉሚ የተባለው ድርጅትና አብረውት የቆሙ ግለሰቦች እ.ኤ.አ. በ2007 የሙሽራ ዋጋ ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2010 ሳይቀበላቸው ቀረ፤ እነርሱም ይግባኝ አሉ። ነሐሴ 6 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ውሳኔ ልማዱን በሁለት ከፈለው። ሁለት አዋቂዎች በፈቃዳቸው እስከተስማሙ ድረስ ስጦታውን መስጠትና መቀበል ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ጋብቻው ሲፈርስ ስጦታው ይመለስ ማለት ግን የሴትን ክብር የሚነካ፣ ባልና ሚስት ሲለያዩም እኩል መብት እንዲኖራቸው የሚያዘውን ድንጋጌ የሚጥስ ነው ብሎ ከለከለው።

ይህ ፍርድ ልማዱን አላጠፋም። ሙሽሮች ዛሬም በካንዙና በጎመሲ ተውበው ይቀርባሉ፤ የሙሽሪት አክስት፣ ሴንጋዋ፣ ዛሬም አማቹን ወደ ቤት ታስገባለች፤ አውራ ዶሮውም ዛሬም ለወንድሟ ይሰጣል። የተቆረጠው አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ ሴቲቱን ወደማትፈልገው ቤት ሲጎትታት የኖረው ገመድ።

ሌሎች አገሮች በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። የታንዛኒያ የጋብቻ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1971 ጥሎሽ ባይከፈልም ጋብቻው እንደማይፈርስ ደነገገ። ይኸው ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ የሚፈቅድ አንቀጽም ነበረበት፤ ይህን አንቀጽ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል አለ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2019 አጸናው። በሶማሊያ የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1975 ያወጣው የቤተሰብ ሕግ ሴትና ወንድ እኩል እንዲወርሱ አዘዘ፤ ይህን የተቃወሙ 10 የሃይማኖት ሰዎችም በሞት ተቀጡ። በጥይት የታጀበ ሕግ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ሥር ሳይሰድ መንግሥቱ በ1991 ወደቀ። የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር በ1970ዎቹ በያዛቸው ቦታዎች የልጅነት ጋብቻንና የጋብቻ ክፍያን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በሜዳ የተጋቡ ታጋዮች ያለ ጥሎሽና ያለ ድግስ ትዳር መሠረቱ። ከነጻነት በኋላ ግን ብዙ ቤተሰቦች ወደ ቀድሞው ሥርዓት ተመለሱ።

ከሁሉ ይልቅ ብልኃት የሚታይበት የኬንያ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጋብቻ ሕግ ጥሎሽ ጋብቻን ለማረጋገጥ በሚጠየቅበት ልማድ ሁሉ፣ ለምልክት ያህል የተከፈለ ጥቂት ነገር በቂ ነው አለ። በዚሁ ሕግ የልማድ ጋብቻ በመዝገብ እንዲሰፍር ተደነገገ፤ በ1917 ጋብቻ አይደለም የተባለው ሥርዓት ሙሉ የሕግ ክብር አገኘ። ነገሩ ግን ያለ ቅሬታ አላለፈም፤ ባል ሚስቱን ሳያማክር ሁለተኛ እንዲያገባ የሚፈቅደው ማሻሻያ በምክር ቤቱ ሲቀርብ ሴት የምክር ቤት አባላት ስብሰባውን ረግጠው ወጥተዋል።

በአንድ ሠርግ ሁለት ልማድ

ዛሬ በናይሮቢ፣ በካምፓላና በጁባ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከአገሬው ሰው ጋርም ይጋባሉ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያዊው ወገን ሽማግሌዎች ወደ ኪኩዩ ወላጆች ቤት ሲሄዱ ቀሚስና ወርቅ የያዘ ሻንጣ ይዘው ነው፤ የሚጠብቃቸው ግን የፍየል ቁጥር ነው። ለአንዱ ወገን ጥሎሽ ማለት ለልጅቷ የሚሰጥ ማጌጫ ነው፤ ለሌላው ላሳደጓት ወላጆች የሚቀርብ ምስጋና ነው። ገንዘቡ በእጅ ስልክ ሊተላለፍ ይችላል፤ በኬንያ ከ2007 ጀምሮ ኤም ፔሳ የሚባለው አገልግሎት ፍየሎቹን ያለ እረኛ አሻግሯቸዋል። ሙሽራው በሌሶ ከተሸፋፈኑት ሴቶች መካከል የራሱን ሙሽራ ለይቶ ሲያወጣ ግን ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ይስቃል። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ከሳቁ በፊት ተቀምጠው የስጦታውን ትርጉም ቢነጋገሩ ብዙ ቅሬታ ይቀርላቸው ነበር።

ልማዶቹ ራሳቸውም መድኃኒታቸውን በውስጣቸው ይዘው ኖረዋል። በአማራው ሠርግ አንደኛው ሚዜ ከድግሱ በኋላ ሥራው አያበቃም። ለሙሽሪት እንደ ወንድም ሊሆን ቃል የገባ ነውና በትዳሩ ጠብ ቢነሳ ከእርሷ ወገን ይቆማል። ከገዛ ወንድሟ የሚለየው በትዳሯ ምክንያት የተቀበለው ላምም ብርም ስለሌለ ነው።

በአርሲ ኦሮሞዎች ዘንድ ደግሞ ለከብቱ፣ ማለትም ለገበራው፣ ክርክሩ ካለቀ በኋላ የሙሽሪት እናት ለልጇ አንዲት ቀጭን በትር ትሰጣታለች፤ ሲንቄ ትባላለች። ባል ሚስቱን አላግባብ ቢበድላት ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ጩኸቷን የሰሙ ያገቡ ሴቶችም ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ሥራቸውን ትተው ይከተሏታል። በዳዩ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ እስኪክስ ድረስ ወደየቤታቸው አይመለሱም፤ በመንገዳቸው የቆመ ጠብም ቢኖር ሴቶቹ በመሐል ገብተው በትራቸውን ሲዘረጉ ወንዶቹ መሣሪያቸውን ያወርዳሉ።

በሠርጉ ቀን ብዙ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ላም፣ ግመል፣ ወርቅ፣ ብር። ሁሉም ከወንዱ ወገን የመጣ በመሆኑ አንድ ቀን ሊጠየቅ ይችላል። ሲንቄ ግን ከእናት ለልጅ የተሰጠች ናት፤ ማንም አልከፈለባትም፣ ማንም መልሱ ሊል አይችልም።